ለኮምፒውተሩ የሠራሁት ዳንቴል

የጋለ አቧራ ሽታ ታውቃላችሁ? ብርዱ ሲገባ የቤቱ ማሞቂያ፣ ቴርሞሲፎኔው፣ መጀመሪያ የተከፈተ ዕለት ቤቱን የሚሞላው ነው። ባለፈው ሐሙስ ለምለም ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር ጎትታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ያ ሽታ መጣብኝ። ገና አልተሰካም፣ ገና አልተከፈተም። ያስታወሰው የገዛ አፍንጫዬ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ምን አደረገ! ለምለም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ «አስኩ፣ ካቻቪቴውን አቀብይኝ፤ ባለ መስቀሉን» አለችኝ። አቀበልኳት። ደግነቱ ቀና ብላ ፊቴን አላየችም። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ከእግዚአብሔርና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷና እሱን የሚለያያቸው አራት ብሎን ብቻ ነበር።

እኔና ለምለም የተዋወቅነው ሁለታችንም ፊሳ በነበርንበት ዘመን ነው። ፊሳ ማለት አሠሪዋ ሲኞራ ቤት እያደሩ መሥራት ነው። የራሳችን የሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር። ለዚያች ለአንድ ቀን ተኩል ስንል እዚህ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ አንድ ክፍልና አንዲት ኩሽና በጋራ ተከራየን። ሰው ሁሉ ሳቀብን። «በሳምንት አንዴ ለምታዩት ቤት ኪራይ?» ይሉን ነበር። ይሳቁ! የራስ ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ሲንቋቋ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው በሰው ቤት የኖረ ብቻ ነው። ያኔ ሐሙስ ሐሙስ ተርሚኒ አደባባይን ብታዩት! ፀጉሯን የተተኮሰች፣ ሲኞራዋ የሰጠቻትን ካፖርት በልኳ አሳጥራ የለበሰች፣ ታኮ ጫማዋን በፌስታል ይዛ መጥታ እዚያው ቁጭ ብላ የምትቀይር። አንዱ ሰውዬ ካሴት በሻንጣ ይዞ ይዞር ነበር፤ «አዲስ የገባ ነው» ይላል ሁልጊዜ፣ የሦስት ዓመቱን። የስልክ ካርድ ገዝተን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ፒዛ እየበላን፣ በዚያች በምትንገጫገጭ ቢጫ ትንሽ ባቡር፣ በትሬኒኖዋ፣ በካዚሊና መንገድ በኩል ወደ ቤታችን እንመጣለን። ዛሬ ሜትሮ ሲ አለ፤ ሹፌር የሌለው ባቡር። እኔ እስከ ዛሬ አላመንኩትም፣ አማትቤ ነው የምገባበት።

ለምለም የደሴ ልጅ ናት። ድራፍቲንግ ተምራ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት ፕላን ስትነድፍ ኖራለች። ሮም መጥታ እነዚያ እጆች የሽማግሌ ፓኖሎኔ፣ የሽንት ጨርቅ፣ ሲቀይሩ ኖሩ። አንድ ቀን አማርራ አታውቅም፤ ግን ክረምት የትሬኒኖው መስኮት ላይ እንፋሎት ሲያርፍ በጣቷ ደረጃ፣ በር፣ ጣሪያ ትሥል ነበር። እኛ ስንወርድ ሥዕሉ እዚያው መስኮቱ ላይ ይቀራል። 

ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያው ብሎን በቀላሉ ወጣ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የማልሞክረው ነገር አልነበረም። «ለምንድን ነው ኮምፒውተር ሠሪው ባንግላዴሺ ጋ የማንወስደው? ዲስኩን ብቻ አውጥቶ ያለሽን ሥዕል ይሰጥሻል፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም» አልኳት።

«አይ፣ በእጄ ነው የማስገባው» አለች። «ያኔ ያቃጠልኩትን በእጄ ካላስተካከልኩ አይወጣልኝም።»

ያኔ ያቃጠልኩትን! ይቺን ቃል ስትል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ከደሴ ደውሎ የአባታቸው ቤት አርጅቶ ሊፈርስ እንደሆነ ነገራት። በነበረበት መልክ መልሼ ልሥራው እላለሁ፣ ያኔ የነደፍሽው ሥዕል ካለሽ ላኪልኝ አላት። ሥዕሉ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ስኬዳ ቪዴዮው፣ ማለትም ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣለት ካርድ፣ ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ዕውር ሆኖ አልጋ ሥር ተኝቷል። እሷም ጡረታ ወጥታ ቀኑ ሁሉ የራሷ ሆነላት፤ እሑድ ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ሄዳ፣ አሮጌ ዕቃ በካርቶን የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ለዚህ ማሽን የሚሆን ካርድ ስታገኝ ወርቅ ያገኘች ያህል ነበር የሮጠችው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ሰባቱንም ቀን በዚያችው ቤት አብረን ነን። ሦስት ጊዜ ያህል «ይሄን ቆሻሻ እንጣለው» ብያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለችኝ።

ኮምፒውተሩን የገዛነው ሊራ ሄዶ ዩሮ የመጣ ሰሞን ነው፣ ሁሉ ነገር በአንድ ጀምበር እጥፍ በሆነበት ጊዜ። ከዚያው ከባንግላዴሺው ሱቅ፣ ያገለገለ። በካሬሎ፣ በገበያ ጋሪ፣ ላይ ጭነን፣ ከላይ በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ልክ እንደ ሕፃን እያባበልን አመጣነው። መቼም እናቴ «ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ቤታችን ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮኑ ለብሷል፣ ስልኩ ለብሷል፣ የሶፋው ክንድ ሳይቀር ለብሷል። ኮምፒውተሩ ምን በደለ? ሲኞራዬ ከምሳ በኋላ ስታንቀላፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በኪሮሽ ሁለት ወር ሠራሁለት። ነጭ ክር፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ ረጅም ዘርፍ፣ እያንዳንዱ ዘርፍ ሦስት ሦስት ጊዜ የተቋጠረ። በስታርች ደረቅ አድርጌ ስደርብለት ለምለም ሳቀች። «ሙሽራ አስመሰልሽው እኮ!» አለች። ስትሠራበት ታነሣዋለች፤ ስታጠፋው እኔ አለብሰዋለሁ። ልማዳችን ይሄ ነበር። ችግር ያለው ነገር ነው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ከዚያ የለምለም ዕድል መጣ። የሲኞራዋ የወንድም ልጅ ጆሜትራ፣ የቤት ፕላን የሚሠራ ባለሙያ፣ ነው፤ ፒኜቶ ሰፈር ስቱዲዮ ነበረው። አንድ ቀን አክስቱን ሊጠይቅ መጥቶ አንድ የቤት ፕላን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቡናውን ሲጠጣ፣ ለምለም ሲኒውን ልታነሣ ጎንበስ ብላ አየችው። «ሲኞሬ፣ ይሄ የመታጠቢያ ቤት በር ሲከፈት ቢዴውን ይመታል» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ ፕላኑን አየ። ከዚያ እሷን አየ። የሆነውን ስትነግረኝ ትሬኒኖው ውስጥ ቆመን ነበር፤ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነው የነገረችኝ። «አንዲት ትንሽ ቤት በኮምፒውተር ሠርተሽ፣ ከውጭም ከውስጥም የምትታይበትን ሥዕል አምጪልኝ፤ ከወደድኩት ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ» ብሏታል። ፕሮግራሙን በሲዲ ሰጣት። ሁለት ሳምንት። ሁለት ሳምንት ለሰው ሁለት ሳምንት ነው፣ ለፊሳ ግን ሁለት ሐሙስና ሁለት እሑድ ብቻ ነው።

ምን ቤት ሠራች? የአባቷን። የድንጋዩን መሠረት፣ ቆርቆሮውን፣ በረንዳውን፣ በልጅነቷ በእርምጃ የለካችውን ሁሉ ከልቧ አውጥታ አስገባችው። ግን ብርሃንና ጥላ ስትጨምርበት ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ባንግላዴሺው አየና «ካርዱ ደካማ ነው፣ ይሄን አይችልም» አላት። አሮጌውን ካርድ ሰጥታ፣ ላዩ ላይ ጨምራ፣ የተሻለ ገዛች። የመጨረሻዋ ሐሙስ ነበረች። ማሽኑን ከፍታ፣ ካርዱን ከመንካቷ በፊት ሁሌ ቴርሞሲፎኔውን ትነካ ነበር። «ከሰውነቴ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው፤ አለዚያ ያቃጥለዋል» ትላለች። ትንፋሿን ይዛ ገፋችው። ጠቅ አለ። ስንከፍተው የደሴዋ ቤት ስክሪኑ ላይ ወጣች፣ ፀሐይ በረንዳው ላይ አርፋ! እልል አልኩ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።

«ዝም በይ፣ ገና ነው» አለችኝ እየሳቀች። «የመጨረሻውን ሥዕል እስኪጨርስ እስከ እሑድ እያሰላ ይቆያል። እንዳይጠፋ። ማንም እንዳይነካው።»

የእሷ ሲኞራ ፓሪዮሊ ናት፣ ሩቅ ነው፤ እሷ ቀድማ ወጣች። የእኔ ቅርብ ስለሆነ ቀረሁ። ሲኒ አጠብኩ፣ ወለል ወለወልኩ፣ ጋዙን ዘጋሁ። ካፖርቴን ለብሼ መብራት ላጠፋ ስል አየሁት። ቤቱ ሁሉ ለብሶ እሱ ብቻ ራቁቱን ቁጭ ብሎ ያንጎራጉራል። ሦስት ቀን አቧራ ሊጠጣ ነው ብዬ አዘንኩለት። አትንኪው ነው ያለችኝ፤ አልነካሁትም፤ አለበስኩት እንጂ። ዘርፉን ዙሪያውን አስተካክዬ፣ እንዳያጋድል ወደ ጎን ሳብ አድርጌ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«ይሄኛው ዝጓል» አለች ለምለም ባለፈው ሐሙስ፣ ሦስተኛው ብሎን ላይ ስትደርስ። «ትንሽ ዘይት ስጪኝ።»

«ከዛገማ ተይው። ምልክት ነው» አልኳት።

«የምን ምልክት? የዝገት ምልክት ነው! ዛሬ ምን ሆነሻል አንቺ?» ብላ በመነጽሯ ሥር አየችኝ። ዘይቱን ከኩሽና አመጣሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እሷ በሌለችበት ከፍቼ ላጸዳው አስቤ እንደነበር ብትጠይቁኝ አልቆጥረውም። ካቻቪቴ መያዝ አላውቅም፤ እሱስ ሰበብ ነው፤ ብከፍተው የማየውን ስለፈራሁ ነው። ክሩ በስብሶ ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ክር ደግሞ አይበሰብስም፤ ያውም የእኔ ክር።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀድሜያት ነው የደረስኩት። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ የጋለ አቧራ፣ ሥሩ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ። ማሽኑ ዝም ብሏል። ጎኑ ላይ ማር ወለላ የሚመስሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ አየር የሚስብባቸው ናቸው። የዳንቴሌን ዘርፍ በእነሱ በኩል ስቦ አስገብቶታል። ከውስጥ ካርዱን የምታቀዘቅዘው ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ በክሩ ታንቃ ቆማለች ማለት ነው። ይሄን ያኔ አላወቅሁትም፤ ግን እኔ እንደሆንኩ ወዲያው ገባኝ። ሳብኩት፣ እምቢ አለ። በኃይል ስስበው ዘርፉ ተበጥሶ እዚያው ቀረ። ከደረጃው የለምለምን ታኮ ሰማሁ። ዳንቴሉን ጨምድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን? እኔ ምን አውቄ! እጄ ነው ያደረገው፤ አእምሮዬ ኋላ ነው የደረሰ።

ገባች፣ አሸተተች። ቁልፉን ተጫነች፤ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ደጋገመች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ። በደንብ አላስገባሁትም፤ እጄ ነው ያቃጠለው» አለች።

ሰዓቷ ያቺ ነበረች። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ምን መሰላችሁ? «ምናልባት ኮንታቶሬው፣ የመብራት ቆጣሪው፣ ዘሎ ይሆናል፣ ከመብራቱ ይሆናል» አልኩ። እግዜር ይየኝ! ሱቁ እሑድ ዝግ ነው፣ አሮጌው ካርድም ባንግላዴሺው እጅ ነው። ለምለም ተነሥታ ትልቅ ወረቀት ዘረጋችና ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቀኑን ሙሉ በእርሳስ ነደፈች። እኔ እርሳስ እየቀረጽኩ አቀብላታለሁ፤ ቦርሳዬ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ሰኞ ወሰደችለት። ሰውዬው ብዙ አየው አለች። «ቤሊሲማ፣ ግሩም ነው፣ ሲኞራ! ግን ዛሬ በእጅ የሚሠራ ማን አለ?» አላት። ይሄን እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ማሽኑን በዚያው ሳምንት አልጋ ሥር ገፋችው፣ የትሬኒኖ መስኮት ላይም መሣሏን ተወች።

አራተኛው ብሎን ወጣ። የጎኑን ክዳን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ አነሣችው፤ አቧራው ግራጫ ጥጥ ሆኗል። እፍ አለችበት። ከዚያ መነጽሯን አወረደች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ወረንጦዋን ከመሳቢያ አውጥታ ከማራገቢያዋ መሐል ቀስ ብላ ጎተተች። መጣ። ከአቧራው ወጥቶ ነጭ እየሆነ መጣ። «ክር ነው። ክር እዚህ ምን ይሠራል?» ወደ መስኮቱ አነሣችው። ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። የባንግላዴሺው ነው፣ ስንገዛው የነበረ ነው ማለት እችል ነበር፤ ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእሷን እጅ አየሁት። ካርዱን ለመንካት አንድ እጇን ቴርሞሲፎኔው ላይ አስደግፋ ነበር፣ እንደ ያኔው።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ዳንቴሌ ነው። ሐሙስ ስወጣ አልብሼው ሄድኩ። እሑድ ቀድሜሽ ደረስኩና…» ሁሉንም ነገርኳት። ድምፄ የማላውቃት ሴት ድምፅ ይመስል ነበር።

«እኔ ደረጃ ላይ ሳለሁ ነው የደበቅሽው?»

«አዎ።»

«እርሳስ ስታቀብዪኝ ቦርሳሽ ውስጥ ነበረ?»

«አዎ፣ ለምዬ።»

ጥላኝ ትሮጣለች፣ ትጮኽብኛለች፣ ከቤት ውጪ ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁ። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ ቀጥ አደረገችው።  «ስለ ጆሜትራው ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለች። «ከፋሲካ በኋላ መልሶ ደውሎልኝ ነበር። በእጅ የነደፍሽውን መርሳት አቃተኝ፣ ስቱዲዮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በይና ልይሽ አለኝ። እምቢ አልኩት። እጄን ፈራሁት፣ አስኩ። የእሱንም አቃጥልበታለሁ ብዬ።»

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኩ፤ ስል ራሱ ቃሉ አነሰብኝ። ዳንቴሉ አልነበረም ያጠፋት፤ ዳንቴል ስሕተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ያጠፋት ያ ዝምታዬ ነው።

«ካርዱን አንሺ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የምታስገቢው።»

«እኔ? ኧረ እኔ አላውቅበትም!»

«እኔም አላውቅበትም ብዬ ነው የኖርኩት።»

ቴርሞሲፎኔውን ነካሁ። የተቃጠለውን ካርድ እሷ አወጣችው፤ አዲሱን እኔ ያዝኩት። እንደ ዕንቁላል ነው የያዝኩት፤ ጠርዙ ግን ማስገቢያውን ሁለት ጊዜ ሳተ። «ቀጥ አድርጊው። ከሁለቱም ጫፍ እኩል ግፊ» ትላለች፤ ድምጿ ደረቅ ነው። ገፋሁ። እምቢ አለ። ልሰብረው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ገፋሁ። ጠቅ አለ። ሰክታ ቁልፉን ተጫነች፤ ማራገቢያዋ ትንሽ ተንቀራፈፈች፣ ከዚያ ዞረች። ስክሪኑ በራ። ማሽኑ ቀኑን ረስቷል፣ ከስንት ዓመት በፊት ያለ ቀን ነው የሚያሳየው። ዲስኩ ግን አልረሳም። የደሴዋ ቤት ከነበረንዳዋ እዚያው ጠበቀችን። ለምለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ያንን ያላለቀውን ሥዕል ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

«እስከ እሑድ ይፈጃል» አለች። «ከዚህ ወንበር አትነሺም።»

ይኸው አልተነሣሁም። ሌሊት እሷ ትቀይረኛለች፣ ቀን እኔ ነኝ። ይሄንንም የምጽፈው እዚሁ ሆኜ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ማሽኑ እንዳይግል መስኮቱን ከፍተነዋል፤ ብርዱ ከካዚሊና በኩል ቀጥ ብሎ ይገባል። ግራ እጄን ከማሽኑ ኋላ ዘርግቻለሁ፤ ሞቃቱ አየር እየነፈሰ መሆኑን በመዳፌ አረጋግጣለሁ። ለምለም ሦስት ቀን ሙሉ ከኩሽና «ስንት ደረሰ?» ከማለት በቀር አንድ ቃል አላወጣችም። «ከመቶ ሃያ ሁለት» እላለሁ። «አርባ» እላለሁ። ትናንት ማታ ሰባ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቆም ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ዛሬ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። አሁን ዘጠና ሦስት ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው ጥቁር፣ ከጥግ በኩል ያለው የበረንዳው ደረጃ ብቻ ነው። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሳለ ለምለም ከኋላዬ መጣች። ጋቢዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ፣ ዙሪያዬንም አስተካከለችው።

«ራቁቱን የማይቀመጠው ሰው ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወንበር ሳበች። «ጠጋ በይ።»